ስለ ፈታኝ ርኅራኄ

ሰው በሰው ላይ እንዲፈርድ ከሚሾምባቸው ሥራዎች መካከል ፈታኝነት እጅግ ቀላሉ መስሎ ይታያል። ዳኛ የሰውን ሀብትና ነጻነት በእጁ ይዞ ይጨነቃል፤ ሐኪም የበሽተኛውን ትንፋሽ እያዳመጠ ሌሊቱን ያነጋል፤ ፈታኝ ግን በአንድ እጁ ሰዓት፣ በሌላው እርሳስ ይዞ ይቆምና «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብሎ ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ፣ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂዎችን ማሠልጠንና መፈተን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ የፈጸምሁትን አንድ ጥፋት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት አንድ ቀን ሰዓቱንና እርሳሱን መጨበጥህ ስለማይቀር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ሥራው ጠባይ ልናገር። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ያሉት የሰፈር መዋኛ ገንዳዎች የሚከፈቱት በሜይ ወር መጨረሻ ሲሆን የሚዘጉት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። ለእነዚህ የሙቀት ወራት ጠባቂ ሆነው የሚቀጠሩት አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ሥልጠናውን ለመውሰድ ይፈቀድለታል። በዚያ አካባቢ የአገራችን ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ ልጆቻቸውም ለኪስ ገንዘብ፣ አንዳንዶቹም ለቤት ኪራይ ማገዣ፣ ወደዚሁ ሥራ ይመጣሉ። ቀይ ቁምጣ የለበሰውን፣ ፊሽካ ባንገቱ ያንጠለጠለውን ልጅ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው፣ «ይህስ ፀሐይ እየሞቀ ደመወዝ የሚበላ ነው» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። እንዲያውም ወደ ሥልጠናው የገባሁት፣ ከመኪና ማቆሚያው ሥራዬ ጋር ሳስተያየው ዕረፍት መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

ይህም በ2012 በጸደይ ወራት ነበር። ዕድሜዬ 31 ሲሆን ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች ጋር ተሰለፍሁ። በልጅነቴ በወንዝ ስዋኝ ስላደግሁ ልጆቹን በንቀት ዓይን አየኋቸው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ ዊልበርት ሎንግፌሎ የሚባል የጋዜጣ ወሬ አቀባይ የነበረ ሰው በ1914 በማኅበሩ ውስጥ የነፍስ አድን ጓድ ካቋቋመ ጀምሮ፣ በዚህ ሥራ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ነው። በማኅበሩ ደንብ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የመግቢያ ፈተና አለ፤ እርሱን ያላለፈ ትምህርቱን አይቀጥልም። እኔ በተፈተንሁበት ጊዜ መጀመሪያ 300 ያርድ ሳያርፉ መዋኘት፣ ቀጥሎም እጅን በብብት ሸጉጦ በእግር ብቻ 2 ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት ነበር። በመጨረሻ የሚመጣው ጡቡ ነው። ጡቡ 10 ፓውንድ፣ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ተፈታኙ 20 ያርድ ዋኝቶ ከ7 እስከ 10 ጫማ በሚጠልቀው ስፍራ ይወርድና ጡቡን ያነሣል፤ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በጀርባው ተንጋልሎ፣ በእግሩ ብቻ እየገፋ 20 ያርድ ይመለሳል፤ ከዚያም መሰላል ሳይነካ ከውሃው ይወጣል። ይህ ሁሉ በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ውስጥ መፈጸም አለበት።

እኔ በ1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ወጣሁ።

አሠልጣኛችን ሽበታቸውን በጎማ ቆብ የሚሸፍኑ አንዲት ሴት ነበሩ። «ሰባት ሰከንድ ብቻ እኮ ነው» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም ሰዓታቸውን ወደ ዜሮ እየመለሱ፣ «ያዘገየሁህ እኔ አይደለሁም፤ ለጡቡ ንገረው» አሉኝና የሚቀጥለውን ልጅ ጠሩ። በአውቶቡስ ስመለስ፣ የውጭ አገር ሰው በመሆኔ ነው ብዬ ደመደምሁ። በዚያው ቀን የአገሩ ተወላጆች የሆኑ ሁለት ልጆችም እንደ እኔ ፎጣቸውን ጠቅልለው መሄዳቸውን ያስታወስሁት ቁጣዬ ከበረደ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከውሃ ውስጥ ጡብ ሳነሣ ሰነበትሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በ1 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ወጣሁ። ሴትዮዋ አላመሰገኑኝም፤ ስሜን ጽፈው ዝም አሉ።

ወደ ትምህርቱ ከገባሁ በኋላ ግን ከሁሉ የከበደኝ መዋኘቱ አልነበረም፤ ማየቱ ነው።

ሰው በውሃ ሲወሰድ ይጮኻል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ውሃውን ያንቦጫርቃል ብለን ሁላችን እናምናለን። በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ፣ ኦርቻርድ ቢች በተባለው የባሕር ዳርቻ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ፒያ ግን በእውነት የሚሰምጡ ሰዎችን በፊልም እያነሣ ሲመረምር የዚህን ተቃራኒ አገኘ። የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም። ድምፅ ትርፍ ትንፋሽ ይፈልጋልና፤ እርሱ ደግሞ አፉ ከውሃው በላይ ብቅ በሚልበት ቅጽበት አየር ከማስወጣትና ከማስገባት በቀር ለሌላ ነገር ጊዜ የለውም። እጁንም አያወዛውዝም፤ ክንዶቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ፤ ይህንንም የሚያደርገው አስቦ ሳይሆን ተፈጥሮ አስገድዳው ነው። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ይህ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ታች ይወርዳል። በአጠገቡ የሚጫወቱት ልጆች ይስቃሉ፤ እናቱም ጥቂት ክንድ ርቃ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የሚነገረው ለሌላ ጉዳይ እንደ ሆነ ባውቅም፣ ይህን ከተማርሁ ወዲህ ግን ቃል በቃል እንደ ምስክር ቃል እሰማዋለሁ። «ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» የሚለው ግን ጠባቂን ያሳስታል፤ እጁን አንሥቶ የሚጨብጥና የሚጣራ ሰው ገና ጥቂት ጊዜ ያለው ነው።

ይኸው ፒያ በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጠባቂ ባለበት ውሃ ሰው የሚሰምጥበትን ምክንያት በሦስት ከፍሎ ገልጦታል፦ ጠባቂው ምልክቱን ለይቶ ስለማያውቅ፣ ወይም ሌላ ሥራ በጥበቃው ላይ ስለሚደረብበት፣ ወይም ልቡ ስለሚባክንበት። ይህን ጽሑፍ በኋላ ያለ ቦታው ስለ ጠቀስሁት አስታውሰው።

እንግዲህ ልጆችን ስናሠለጥን አብዛኛው ድካማችን በዓይን ላይ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ፣ ጠባቂው የተመደበለትን ውሃ ከላይ እስከ ወለሉ ዳስሶ አደጋውን በ10 ሰከንድ ውስጥ እንዲያውቅ፣ በ20 ሰከንድ ውስጥም እንዲደርስ ያዝዛል። ይህን ለመፈተን የጎማ አሻንጉሊት ጠባቂው ሳያይ ወደ ውሃው ወለል እናሰጥምና ሰዓት እንይዛለን። ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ አንድ ቀን አሻንጉሊቱ ከፊቴ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ አልተኛሁም፤ ዓይኔም ተገልጦ ነበር። የፀሐዩ ነጸብራቅና የውሃው መርገብገብ ተደባልቀው ጥላ አስመስለውብኝ ነው። ያን ዕለት ራት አልበላሁም።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ደረትን መጫን የተባለውን የነፍስ አድን ዘዴ በ1960 ለዓለም ያስታወቁት በዚያው በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ መተንፈስ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፤ ለአዋቂ ሰው ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር። ውሃ የወሰደው ሰው የጎደለው አየር ስለ ሆነ ለእርሱ ከሁሉ አስቀድሞ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ልጆቹ ይህን በአሻንጉሊት ላይ እየቆጠሩ ሲለማመዱ ይስቃሉ። እኔም እንዲስቁ እተዋቸዋለሁ፤ በእውነተኛው ቀን እጃቸው ራሱ ይቆጥራልና።

በ2014 አሠልጣኝ ሆንሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከ10ሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ድኻና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ በእነዚያም አገሮች ብዙው ሰው ያለው ወንዝና ኩሬ እንጂ ወንበርና ፊሽካ አይደለም። እኔ ያደግሁበት ወንዝም ጠባቂ አልነበረውም። ስለዚህ ወንበሩ ባለበት ስፍራ በወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ የምመርጥ ሰው በመሆኔ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

በ2017 በሜይ ወር ከተማሪዎቼ መካከል አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱን በቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠራች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ልጁ ጨዋና ትሑት ነው። እዚያው ስላደገ «እርስዎ» ማለት ከአፉ አልገባለትም፤ «ጋሼ፣ አንተ» ይለኝ ነበር፤ ይህም ከእርሱ ሲመጣ ደስ ይለኛል። በመግቢያው ፈተና ወደ ጡቡ ሲጠልቅ ከመንገድ ተመለሰ፤ ጆሮውን አሞት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አነሣው። ከውሃው የወጣው በ1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው።

ፎጣውን ጠቅልሎ እንዲሄድ ልነግረው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በስሙ ፊት ለፊት ያለውን መስመር ባዶ ትቼ፣ «በመጨረሻው ቀን እንደ ገና እፈትንሃለሁ፤ እስከዚያው ተለማመድ» አልሁት። በዚያ ማታ እናቱ ስልክ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ አባት ሁነው» አለችኝ። ሥራው ከሳምንት በኋላ እንደሚጀምርና ከወዲሁ ቃል እንደ ተገባለት ነገረችኝ። «አሳልፈው» ግን አላለችኝም፤ ይህን ለእርሷ ስል መናገር ይገባኛል።

በትምህርቱ ልጁ ከሁሉ በለጠ። አሻንጉሊቱን በየትም ጥግ ባሰጥመው ዐሥር ሰከንድ ሳይሞላ ፊሽካውን ይነፋ ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት በተማሪ አላየሁም። እኔም በልቤ እንዲህ ማለት ጀመርሁ፦ «ዋናው ነገር ማየት ነው፤ ፒያ እንኳ ከቈጠራቸው ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰከንድ ምንድን ናት?» የተማረ ሰው ጥፋት ሲሠራ ከመጻሕፍት ጠበቃ አያጣም። በመጨረሻው ቀን ገንዳውን ለሌሎች ልንለቅ 10 ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ጡቡ በገንዳው ዳር ተቀምጧል። ልጁም ያየዋል፤ እኔም አየዋለሁ። ለአንድ ፈተና ከበቂ በላይ ጊዜ ነበር። እንደ ገና ቢወድቅ ለእናቱ የምነግረው ቃል ስላልነበረኝ፣ «ዕቃችሁን ሰብስቡ» አልሁና በባዶው መስመር ላይ «አልፏል» ብዬ ጻፍሁ።

ያን ቀን ቸር ሰው የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በፊቴ የታዩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ልጁና ከጀርባው የቆመችው እናቱ። ሰዓቱ የተፈለሰፈለት ሦስተኛው ሰው ግን በዚያ አልነበረም። ስሙ አይታወቅም፤ በስልክ የምትለምንለት እናት የለችውም፤ ገና ወደ ውሃው አልገባም። እኔ በእርሱ ገንዘብ ቸር ሆንሁ። ይሉኝታ በአገራችን እንደ ጨዋነት ይቈጠራል፤ ብዙ ጊዜም ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ይሉኝታ የሚያውቀው በዓይኑ ፊት የቆመውን ሰው ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

በጁላይ ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነገር የማውቀው ከልጁ አፍና በኋላ ካነበብሁት የጽሑፍ መግለጫ ነው። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ 9 ጫማ ወደሚጠልቀው ክፍል ዘላ ገባች፤ ብቅ አለች፤ ክንዶቿን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ወረደች። ልጁ ከሁሉ ሰው በፊት አያት። ፊሽካውን ነፍቶ ወዲያው ዘለለ፤ ከላይዋም ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ፈጀበት። እስከዚህ ድረስ ያስተማርሁት ሁሉ ተፈጽሟል። ከዚያም ጠለቀ፤ ጆሮው ታመመና ከመንገድ ተመለሰ። እንደ ገና ጠለቀ፤ ጸጉሯን በጣቱ ነካ፤ ትንፋሹ አለቀበትና ባዶ እጁን ወጣ። በሌላው ወንበር የነበረች የ16 ዓመት ልጃገረድ በዚያ ጊዜ ደርሳ፣ አንድ ጊዜ ጠልቃ ሕፃኗን አወጣቻት። በገንዳው ዳር አስተኝተው ትንፋሽ ሰጧት፤ ደረቷን እየተጫኑ ቈጠሩ፤ በሁለተኛው ዙር ሳለች፤ አለቀሰች። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አድራ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዚያ ማታ ልጁ በሬን መታ። ፊሽካው ገና ባንገቱ ላይ ነበር። ግባ ብለው አልገባም።

«ጋሼ፣ ለምን አሳለፍከኝ?» አለኝ።

የምመልሰው ስላጣሁ የማይረባ ነገር ተናገርሁ። «ከሁሉ በፊት ያየሃት እኮ አንተ ነህ» አልሁት።

«አየኋት» አለኝ። «ከላይ ሆኜ አየኋት። ዓይኗ ተገልጦ ነበር።»

በማግሥቱ ለማሠልጠን ፈቃድ ለሰጠኝ ድርጅት የሠራሁትን ጻፍሁ፤ ለቀጣሪዎቹም አስታወቅሁ። ወዳጆቼ ተቈጡኝ፤ «ልጅቷ ድናለች፤ የተኛውን ነገር ምን ቀሰቀሰህ?» አሉኝ። ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ተወሰደ። ልጁ ከወንበሩ ወርዶ የቀረውን ጊዜ በበር ላይ መታወቂያ ሲያይ ከረመ። እኔም መዝገቤን አውጥቼ ከዚያ በፊት ያሳለፍኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከትሁ። በሁለቱ ስም ላይ እርሳሴ ያመነታ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ለሁለቱም ደወልሁ፤ አንደኛው መጥቶ ጡቡን በደኅና አነሣ። የሁለተኛይቱ ስልክ ተለውጧል። ዛሬም በየትኛው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች አላውቅም።

እናቱ ነገሩን ሰምታለች። በቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንደ ድሮው ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ከቅጣቱ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

በ2019 በጸደይ ወራት ልጁ በራሱ ፈቃድ ወደ እኔ ተመልሶ መጣ። ዕድሜው 19 ሆኖ ትከሻው ሰፍቷል። «ሌላ አሠልጣኝ ልፈልግልህ» ብለው እንቢ አለኝ። አፍንጫውን ይዞ እየነፋ በጆሮው ላይ ያለውን ግፊት ማቅለል ተምሮ ነበር። በፈተናው ቀን እናቱ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እርሱ ዋኘ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠለቀ፤ ጡቡን አቅፎ በጀርባው ተመለሰ፤ መሰላሉን ሳይነካ ወጣ። ሰዓቱን አቆምሁ፤ አይቼውም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ።

«ስንት ነው?» አለኝ፤ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ።

«አንድ ከአርባ ሁለት።»

ልጁ ምንም አልተናገረም። ጡቡን ከወለሉ አንሥቶ ወደ ጥልቁ መልሶ ጣለውና እስኪወርድ ድረስ ተመለከተው።

«መቼ ልምጣ?»

«ሐሙስ» አልሁት። እናቱ ቦርሳዋን ይዛ ከአግዳሚው ተነሣች።